ፍየል የታረደለት ስም

ፊኪሌ ታክሲ ስትሳፈር ሁልጊዜ የምትለው «ዊትባንክ» ነበር። ከተማዋ ኤማላህሌኒ ከተባለች ዓመታት አልፈዋል፤ ያንን የቦሮች፣ የደቡብ አፍሪካ ነጮች፣ ስም ለማስቀየር በየሰልፉ ጉሮሯችን እስኪደርቅ የጮኽነውም እኛው ነን። የእኛው የሠራተኛ ማኅበር ተደራዳሪ ግን ቀይ ሸሚዟን ለብሳ፣ የተጨበጠ ጡጫ ያለበትን ዓርማ ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ «ዊትባንክ» ትላለች። አንድ ጊዜ በአውራጃ ጉባኤ ላይ አንድ አፈ ጮሌ ወጣት ተነስቶ «ጓድ ፊኪሌን የቦሮቹ ዘመን ናፍቋታል መሰለኝ» ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የእኔ ደም ፈላ። እሷ ግን አብራቸው ሳቀች።

ነገሩ ወዲህ ነው። በቋንቋችን ከሰል «አማላህሌ» ነው፤ ኤማላህሌኒም «ከሰሉ ያለበት» ማለት ነው። የፊኪሌ የባሏ አባት ደግሞ ስማቸው ማላህሌ ነው። በእኛ ባህል ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። ስማቸው ብቻ ሳይሆን ስማቸውን የሚመስል ቃልም ከአፏ አይወጣም። ውኃ የሚባል ሰው ቤት የገባች ሙሽራ ለውኃ ሌላ ስም እስክታገኝለት ጠምቷት ትውላለች። ዛሬ ዛሬ ይህን የሚጠብቅ ጥቂት ነው፤ የእኛ ልጆችማ አማቶቻቸውን ስልካቸው ላይ ምን ብለው እንደሚመዘግቧቸው እግዚአብሔር ይወቀው። ፊኪሌ ግን ከሙሽርነቷ ጀምሮ ጠብቃዋለች። ማንም አላስገደዳትም። አዛውንቱን ስለምትወዳቸው ነው።

ስለዚህ ከሰልን «ጥቁሩ» ትለዋለች። የምትሠራው ደግሞ ከሰል በሚያነደው በዱማ የኃይል ማመንጫ፣ ያውም ከሰሉን ውኃ ወደሚያፈላው ቦይለር በሚወስደው ቀበቶ ላይ ነው። «ዛሬ ጥቁሩ እርጥብ ነው፣ ቀበቶው ላይ እየተለጠፈ ነው» ብላ በሬዲዮ ስትጣራ አዲስ የመጣ መሐንዲስ ግራ ይጋባል፤ እኛ ግን ለምደነዋል። ባህሉን አጥብቀን እንከተል ብንል ነገሩ ከዚህም ይብስ ነበር። «ህላ» የምትለው ድምፅ «መቀመጥ» በሚለው ቃላችን ውስጥ አለች፤ «መሰብሰብ» በሚለው ውስጥ አለች፤ «ማኅበር» በሚለውም ውስጥ አለች። የባሏ እናት፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ገና በሠርጉ ሰሞን ጠርተው «ልጄ፣ እነዚህን ፈቅጄልሻለሁ፤ አለዚያ ለልጃቸው ድዳ አመጡለት ይሉናል» አሏት። መቀመጥ ባይፈቀድላት እንዴት እንደምትኖር አላውቅም። ማኅበር ባይፈቀድላት ግን የምንጎዳው እኛ ነበርን።

እኔ ኤልፋስ እባላለሁ። ቦይለር ጠጋኝ ነኝ፤ በዱማ የማኅበራችን ቅርንጫፍ ሊቀ መንበርም ነኝ። ቁጡ ነው ይሉኛል። በዱማ ሠርቶ የማይቆጣ ሰው ካለ አሳዩኝ።

ኩባንያው ዱማ ሊዘጋ መሆኑን ሲነግረን፣ ከሰል የዓለሙን አየር እያበላሸ ነው፣ አገሩ ሁሉ ወደ ፀሐይና ወደ ነፋስ እየዞረ ነው፣ ቦይለሮቹ ተራ በተራ ይጠፋሉ አለን። ውሸት ነው አላልንም። ዝናቡ ከወቅቱ ተዛብቶ የበቆሎው ማሳ ቆሞ ሲደርቅ አይተናል፤ ልጆቻችን ሌሊቱን ሲስሉ እንሰማለን። ግን ከእኛ ወዲያ ያለ ሌላ ማመንጫ ሲዘጋም አይተናል። እዚያ ማኅበሩ በር ላይ ቆሞ «አይዘጋም» ብሎ ሲዘፍን ከረመ፤ በሩ ከውስጥ ተዘጋ። ቋሚ ሠራተኞቹ ወደየሩቅ አገሩ ተበተኑ። የኮንትራት ሠራተኞቹ «ደህና ሁኑ» የሚላቸው እንኳ አላገኙም። በራፉ ላይ ማግዊኛ የሚባለውን ቂጣ ትጠብስ የነበረችው ሴትዮም ሊጧንና ዘይቷን ተሸክማ ወደ ቤቷ ሄደች።

ፊኪሌ ያኔ ነው በስብሰባ ላይ የተነሳችው። «እሳቱ መጥፋቱ ካልቀረ፣ መቼ እንደሚጠፋና ከጠፋ በኋላ ማን ምን እንደሚበላ እኛም አፍ ይኑረን» አለች። «በር ላይ መዝፈን ጥሩ ነው፤ እኔም እዘፍናለሁ። ግን ከበሩ ውስጥ ጠረጴዛ አለ።»

እሷኑ ወደ ጠረጴዛው ላክናት። እኔም አብሬያት ተቀመጥኩ፤ የእኔ ሥራ በአብዛኛው ጠረጴዛውን መደብደብ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን የኩባንያው ተደራዳሪ ሚስተር ስቴይን «ጥቁሩ ማነው?» ብሎ ደንግጦ ጠየቀ። አስተርጓሚው ቃል በቃል ተርጉሞለት ነው። ነገሩን አስረዳሁት። ሰውየው ቦር ነው፤ ግን እናቱን የሚያከብር ቦር መሰለኝ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ እሱም «ጥቁሩ» ይል ጀመር። ብዙም ሳይቆይ ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሁሉ፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጡት ባለ ክራቫቶች ሳይቀሩ፣ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው «ጥቁሩ የሚቆምበት ቀን» ሲሉ ሰማሁ። ሳቄ ሲያመልጠኝ ውኃ ልጠጣ ብዬ ወጣሁ።

ስትደራደር ግን ቀልድ አታውቅም። ኩባንያው «ሠራተኛ» ሲል ቋሚውን ብቻ ማለቱ ነበር። ከሰሉን በአካፋ የሚዝቁት፣ አመዱን የሚጠርጉት ግን በኮንትራት የገቡ ሰዎች ናቸው፤ ብዙዎቹ ከሩቅ የመጡ፣ ከሞዛምቢክም የመጡ። «አቧራው ሳንባ ውስጥ ሲገባ ቋሚ ነህ ኮንትራት ብሎ አይጠይቅም» አለች፣ ከዚያ ቃሏ አልነቃነቅም አለች። ስንት ጊዜ ተነስተን ወጣን፣ ስንት ጊዜ ተመለስን። በመጨረሻ ስቴይን እጁን ሰጠ። የመጨረሻው ቦይለር በአራት ዓመት ውስጥ ይጠፋል፤ ግን አንድም ቦይለር እሱ ላይ የሚሠሩት ሰዎች ሌላ ሙያ ተምረው ሥራ ሳይዙ አይጠፋም። አዲሱ ፋብሪካ፣ ከፀሐይ ኃይል የሚስበውን መስታወትና ትልልቁን ባትሪ የሚሠራው፣ እዚያው የዱማ ግቢ ውስጥ ይተከላል። ያረጀው በሙሉ ጡረታ ይወጣል። የኮንትራቱም ሰው ከቋሚው እኩል ይታያል።

አባላቱ ካላጸደቁት ግን ይህ ሁሉ ባዶ ወሬ ነው። እስከ ሰኞ መልስ ካልሰጠን ፋብሪካው ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል፤ ቦይለሮቹ ግን ያው ይጠፋሉ። ጠቅላላ ስብሰባውን ለእሑድ ጠራን።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዛውንቱ ቤት ሄድኩ። ባባ ማላህሌ የማኅበራችን መሥራች ናቸው። በዚያ በክፉው ዘመን፣ ማኅበር ማለት እስር ቤት በነበረበት ጊዜ፣ በዱማ የመጀመሪያውን ስብሰባ የጠሩት እሳቸው ናቸው፤ ግራ ክንዳቸውን ፖሊስ የሰበረው ያኔ ነው፣ ከዚያ ወዲህ በደንብ አልተዘረጋም። እሳቸው አንድ ቃል ከተናገሩ አዳራሹ ይሰማል። ወረቀቱን እንዲመርቁልን ልለምናቸው ነው የሄድኩት።

ኮክ ዛፋቸው ሥር ብርድ ልብስ ደርበው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ከሰል የሞላ የቆርቆሮ ምድጃ ይነዳል።

«መጣህ ኤልፋስ? አንተ እኮ ሰው ሲቸግርህ ነው የምትመጣው» አሉኝ።

«ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት፣ ባባ።»

«ውሸትህን ተውና ተቀመጥ። ሙሽራዬ፣ ለዚህ ለራበው ሰውዬ ሻይ።»

ፊኪሌ ሻይና ዳቦ ይዛ መጣች፤ ከፊታቸው ተንበርክካ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ አቀረበችና ገባች። ያቺ ስቴይንን ያላበችው ሴት ናት። ባሏ ሙዚ የከሰል መኪና ነጂ ስለሆነ መንገድ ላይ ነው የሚኖረው፤ ቤቱን የያዙት እሷና አማቷ ናቸው። የሳል መድኃኒታቸውን የምትለካላቸው እሷ ናት። ከሥራ ስትመለስ ቀድመው በር የሚከፍቱላት እሳቸው ናቸው።

«ጨረሳችሁኝ አሉ» አሉኝ አዛውንቱ።

«ማንን፣ ባባ?»

«እኔን ነዋ። ጠዋት ጠዋት ሬዲዮ እከፍታለሁ። ማላህሌ ቆሻሻ ነው ይላል። ማላህሌ ዓለምን እያጠፋ ነው፣ ማላህሌ መቆም አለበት ይላል። ጉልበቴን እያመመኝ እንዴት አድርጌ ልቁምለት?»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

«ሬዲዮው እርስዎን አያውቅም እኮ፣ ባባ።»

«ታዲያ ስሜን ከየት አመጣው?» በዱላቸው ምድጃውን ቆስቆስ አደረጉት። «ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ። የእኔን ያወጣው ግን አባቴ ነው፤ በተወለድኩ ሰሞን ማዕድን ገብቶ ሥራ አገኘ። ከዚያ በፊት ቤታችን ውስጥ እሳት አይነድም ነበር። እኔም በዚሁ ከሰል ልጆች አሳደግሁ። ክንዴን የሰጠሁት ለዚሁ ነው። አሁን የገዛ ሙሽራዬ ወረቀት ይዛ ልትቀብረው መጣች።»

«ወረቀቱ የሚቀብረው ከሰሉን ነው እንጂ...»

«ልዩነቱን አስረዳኝ» አሉ። ከዚያ ሳል ያዛቸው፤ ረጅም፣ ደረቅ፣ የቀበቶ ሠራተኛ ሳል። ሳሉ እስኪያልፍ ጠበቅሁ። ሻዬን አቀበልኳቸው።

«እመጣለሁ» አሉኝ በመጨረሻ። «ፊት ወንበር አስቀምጡልኝ። አልናገርም ግን። ጥሩ ነው ብዬ አልዋሽም፤ መጥፎ ነው ብዬም ሙሽራዬን አላሳፍርም።»

ፊኪሌ እስከ አጥሩ በር ሸኘችኝ። «ምን አሉ?»

«ይመጣሉ። አይናገሩም። አልወደዱልሽም።»

በሩን ከፈተችልኝ። «ወንበራቸው ከበሩ ራቅ ያለ ይሁን፤ ነፋሱ አይመታቸው» አለችኝ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አዳራሹ ጢም አለ። ወለሉ እስኪነቃነቅ እግራችንን እየመታን ዘፈንን። አዛውንቱ ከፊት፣ ከነፋሱ ራቅ ብለው ተቀምጠዋል። የኮንትራት ሠራተኞቹ እንደ ልማዳቸው ኋላ ቆመዋል፤ ነገር ከተበላሸ ሮጠው ለመውጣት እንዲመቻቸው ይመስላል።

ስለ ድምጽ ማጉያችን መናገር አለብኝ። ከሁለት ቃል አንዱን ይውጣል፤ የዋጠበትን ቦታ ደግሞ በፉጨት ይሞላዋል። አዲስ እንግዛ ብዬ በየስብሰባው ስለፈልፍ ልመናዬን የሚያሰማልኝ ያው ድምጽ ማጉያ ስለሆነ ማንም ሰምቶኝ አያውቅም። ደግሞ በማኅበራችን አንድ ሕግ አለ፤ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሰው የተስማማውን ራሱ በአፉ ያስረዳል። ሊቀ መንበር አይናገርለትም።

ፊኪሌ ማይኩን ያዘች። «ጓዶች፣ የተስማማነው ይህ ነው። በአራት ዓመት ውስጥ ጥቁሩ ከዱማ ይወጣል...»

በቋንቋችን ጥቁር ነገርንና ጥቁር ሰዎችን የምትለየው አንዲት ድምፅ ናት። ማጉያው እዚያች ላይ ሲደርስ አፏጨ። ኋላ ለቆሙት የደረሳቸው «በአራት ዓመት ውስጥ ጥቁሮቹ ከዱማ ይወጣሉ» የሚል ነው።

ኋላ የቆሙት እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ቤኪ የሚባለው፣ የአካፋ ሠራተኞቹ ተጠሪ፣ ትከሻው በር የሚያክል ሰው፣ እጁን አነሳ።

«ቆይ፣ እህቴ። ማነው የሚወጣው አልሽ?»

«ጥቁሩ።»

«ነጮቹስ?»

ፊኪሌ ግራ ገባት። «ስለ ነጮቹ አልተነጋገርንም» አለች።

አዳራሹ ተደበላለቀ። ወንበር ወደቀ። «ጥቁሩ ስል ከመሬት የሚወጣውን ማለቴ ነው» ስትል፣ አንዱ ከኋላ «ከመሬት የምወጣውማ እኔ ነኝ፤ ዕድሜዬን የጨረስኩት ጉድጓድ ውስጥ ነው» አላት። «የሚነደውን ማለቴ ነው» ስትል፣ አመድ የምትጠርግ አንዲት ሴት «የምንነደው እኛ አይደለን?» አለቻት።

ማይኩን ነጠቅኋት። «ከሰል ማለቷ ነው፣ እናንት ጆሮ የሌላችሁ።»

«አንተ ተቀመጥ፣ ጓድ ሊቀ መንበር» አለኝ ቤኪ። «አንተም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበርክ። ሕጋችን ራሷ በአፏ ይላል። ከሰል ከሆነ ከሰል ትበል። አንዲት ቃል ናት፤ ምን ያስፈራታል?»

«ሸጣናለች» አለ አንድ ድምፅ። ከዚያ ሌላ ደገመው።

እነ ቤኪ ከሩቅ የመጡ፣ የሥራ ሬዲዮም የማይይዙ ናቸው፤ የቤቷን ነገር አያውቁም። ፊት የተቀመጡት የሚያውቁት ደግሞ አንገታቸውን ደፉ፤ አዛውንቱ ባሉበት «በእሳቸው ስም ምክንያት ነው» ብሎ መጮህ ነውር ነው። እኔ ነውሩን ንቄ ልጮህ ብል ማጉያው አፏጨብኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የፊኪሌ ግን ወለምታ እንኳ አልነበረም፣ አክብሮት ነበር። የራስ ሻሿን ጫፍ ይዛ ወለሉን እያየች ቆማለች። አንዳንዶች ወደ በሩ መሄድ ጀመሩ። ሰኞ አለቀልን አልኩ በሆዴ። ያ ሁሉ ልፋቷ በአንዲት ቃል ገደል ሊገባ ነው።

ዱላ ወለሉን ሲመታ ተሰማ። ባባ ማላህሌ ተነስተዋል። ቀስ በቀስ ጫጫታው ረገበ።

«አንተ ልጅ» አሉት ቤኪን። «ስምህ ማነው?»

«ቤኪ ነኝ፣ ባባ።»

«የእኔንስ ታውቀዋለህ?»

«የማኅበሩ መሥራች ናቸው ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ማላህሌ እባላለሁ። ይህች ደግሞ የልጄ ሚስት ናት።»

ቤኪ ዞር አለ። ፊኪሌን አየ፣ አዛውንቱን አየ። ከዚያ ባርኔጣውን አወለቀ። በአገሩም ምራት አለች።

አዛውንቱ ወደ ፊኪሌ ዞሩ። «ሙሽራዬ።»

«አቤት፣ ባባ።»

«ወረቀትሽን አልወደድኩትም። ለኤልፋስ ነግሬው ነበር፤ አፉ አያርፍም፣ ነግሮሻል።»

«ነግሮኛል።»

«ዛሬም አልወደድኩትም። ግን በእኔ ስም የተነሳ ሸጠች ስትባዪ ቁጭ ብዬ አልሰማም። ስሜን ፈትቼልሻለሁ። በዪው።»

«ባባ፣ ፍየል ሳይታረድ እንዴት ይሆናል?» አለች። እውነቷን ነው፤ ምራት ከስም የምትፈታው ፍየል ታርዶ ነው።

«ፍየሉ ቅዳሜ ይታረዳል። እነዚህ ሰዎች እስከ ቅዳሜ ቆመው አይጠብቁሽም።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። እሷ ግን ራሷን ነቀነቀች። «እባክዎን፣ ሌላ ቃል ልፈልግ።»

«ልጄ» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ሬዲዮው በየጠዋቱ ይለኛል። የሚያመኝ ከማያውቀኝ ሰው አፍ ስሰማው ነው። እስቲ ከአንቺ አፍ ልስማው።»

ፊኪሌ ማይኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ይህቺን ቃል ማጉያው እንዲውጥባት አልፈለገችም። ቀና ብላ ፊታቸውን አየች፤ እኔ በማውቀው ፊታቸውን በቀጥታ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው።

«በአራት ዓመት ውስጥ» አለች፣ «ማላህሌ ያልቃል።»

ኋላ ድረስ ተሰማ።  ከሰሉን ማለቷ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን ሁላችንም የምናየው አዛውንቱን ነው። ዱላቸውን ተደግፈው ቆመው ቆዩ።

«አራት?» አሉ።

«አራት፣ ባባ።»

«እኔ እግዚአብሔርን የለመንኩት ሁለት ነበር። ይሄ ኩባንያ ከጸሎት ይሻላል ማለት ነው።» ብለው ተቀመጡ።

ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። እኔ አለቀስኩ። ቁጡ ሰው አያለቅስም ያለ ማነው?

ከዚያ በኋላ ፊኪሌ ሁሉንም አንድ በአንድ አስረዳች። ቃሏ አልተደናቀፈም፤ ግን ያንን ስም መጥራት ግድ በሆነባት ቁጥር ወደ ወንበራቸው ትንሽ እጅ ትነሳ ነበር። ቤኪ ስለ ኮንትራቶቹ ጠየቀ፣ ደግሞ ጠየቀ። «እኩል መባሉን በአፍ ነግረዋችሁ ነው ወይስ ጽፈዋል?» አላት።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ስለዚህ አጽፌዋለሁ» አለችው። ያቺን ዓረፍተ ነገር ራሱ አነበበና ለኋላዎቹ በየቋንቋቸው ነገራቸው።

እጅ አውጡ አልኩ። ከኋላ ጀምሮ እጅ ተነሳ፤ የአካፋ እጆች፣ ጥፍራቸው ሥር ከሰል የማይለቃቸው እጆች። መቁጠር ስጀምር ፊት ለፊቴ አንድ የታጠፈ ክንድ ተነስቶ አየሁ፤ ያ ፖሊስ የሰበረው።

«ባባ፣ ጡረተኛ ድምፅ የለውም» አልኳቸው፣ ሕግ ሕግ ነውና።

«ማን ድምፅ ሰጠ?» አሉኝ። «ትከሻዬን እያፍታታሁ ነው።»

አልቆጠርኩትም። ያላየው ግን አልነበረም፤ ሳያነሱ የቀሩትም ያኔ አነሱ።

ሰኞ መልሳችንን ሰጠን። ቅዳሜ ፍየሉ ታረደ። አዛውንቱ ራሳቸው መርጠው የገዙት፣ ጢሙ እንደ ድሮ ሥራ አስኪያጃችን ጢም የተንዠረገገ ትልቅ ፍየል ነበር። ቤኪ ከነጓዶቹ መጣ፣ ከሁላችንም አስበልጦ በላ። ሙዚም መንገዱን አሳጥሮ ደርሶ ነበር። ባባ ማላህሌ ሥጋ አጉርሰዋት «ከእንግዲህ እንደ ልብሽ ጥሪኝ» አሏት። እሷም ተንበርክካ አመሰገነች።

በተከታዩ ሳምንት ለፊርማው እኔና ፊኪሌ ወደ ከተማ ታክሲ ያዝን። ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ይዛዋለች። ከኋላችን የዱማ ጭስ ማውጫዎች እንደ ወትሮው ያጨሳሉ። ሾፌሩ ያውቃታል፤ ወሬው ደርሶታል። በመስታወቱ እያያት «ፍየሉን ሰምተናል፣ እህቴ። በዪ እስቲ ዛሬ ከተማችንን በስሟ ጥሪልን። ወዴት ነሽ?» አላት።

ታክሲው ሙሉ ጆሮ ሆነ።

«ዊትባንክ» አለች።

ነደደኝ። «አንቺ ሴትዮ፣ ያን የሚያህል ፍየል በከንቱ ነው የታረደው?»

ወረቀቱ ያለበትን ቦርሳ ጭኗ ላይ አስተካከለች። «ስማቸውን አንድ ጊዜ ጠራሁ፣ ኤልፋስ። ያልቃል ብዬ ጠራሁ። ማታ ማታ ሲስሉ ያ ቃል ነው የሚሰማኝ። ሁለተኛ አልጠራውም። ይኑሩልኝ።»

 እኔም እወዳቸዋለሁ፤ እንደዚያ አድርጌ መናገር ግን አላውቅበትም።

ሾፌሩ ወደ እኔ ዞረ። «አንተስ፣ ጓድ ሊቀ መንበር? ወዴት ነህ?»

ያንን የቦር ስም ለማስቀየር ስጮህ የሻከረው ድምፄ እስከ ዛሬ አልጠራም። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ዊትባንክ» አልኩት።